አውሮፕላን ሸኚው

አክስቴ ልጇ ምን እንደሚሠራ ለሰው የምትናገርበት የራሷ አነጋገር አላት። «ልጄ አውሮፕላን ሸኚ ነው» ትላለች። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሻንጣ ተሸካሚ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ደግሞ የክብር እንግዳ የሚቀበልና የሚሸኝ። እሷ ግን ቃሏን አልቀየረችም። ጅቡቲ ወርጄ ልጁን ከነሥራው እስካየው ድረስ እኔም እንደ ቀልድ ነበር የምሰማት። አሁን ሳስበው የበረራ ዲስፓቸርን ወደ አማርኛ ከእሷ አሳምሮ የመለሰው ሰው አላውቅም።

ከቦሌ የተነሳነው በሐምሌ፣ ረፋድ ላይ፣ በካፊያ ነው። ሹራብ ለብሻለሁ። አውሮፕላኑ ከ2300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ አንድ ሰዓት ገደማ ከበረረ በኋላ ባሕር ጠርዝ ላይ አረፈ። በሩ ሲከፈት የመጣብኝን ሙቀት እናቶቻችን ያውቁታል፤ እንጀራው በስሎ አክንባሎው ሲነሳ ፊት የሚመታው እንፋሎት ነው። እዚህ ግን አክንባሎውን መልሶ የሚከድን የለም። በኛ ክረምት ወራት ከበረሃው የሚመጣውን ደረቅ ነፋስ የከተማው ሰው ካምሲን ይለዋል። አቧራውን ይዞ ሲነሳ ሰማዩ የሽሮ መልክ ይይዛል።

የአምቡሊ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ አንድ ነው። በዚያች አንድ መስመር ላይ የኛም፣ የቱርክም፣ የፈረንሳይም የመንገደኛ አውሮፕላን ይወርዳል። ከአጥሩ ወዲያ የፈረንሳይ አየር ኃይል ሰፍሯል፤ ካምፕ ሌሞኒዬ የሚባለው የአሜሪካኖች ሰፈርም እዚያው ነው። የአሜሪካኖቹ ሰው አልባ አውሮፕላኖች እንኳ ከሲቪሉ ጋር እየተጋፉ ቢያስቸግሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ከከተማው ወጣ ወዳለ ሻቤሌ ወደሚባል ሜዳ ተዛውረዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ገና ከመንገደኛ መውጫው ሳንርቅ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ሦስት ጊዜ ከሳመኝ በኋላ ያስቀደመው ጥያቄ ስለ እናቱ አልነበረም። «ስትወርዱ አናወጣችሁ?» አለኝ። ትንሽ አዎ፣ አልኩት። እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ለካ እኔ አየር ላይ ሳለሁ የአምቡሊን ነፋስ በየግማሽ ሰዓቱ ሲያይልኝ ነበር። የኔን በረራ የሚቆጣጠር ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ደሞዝ የሚበላው በሌላ ድርጅት ነው። ሆኖም ልማድ ነውና ዘመዱን በልቡ ሸኝቶ በልቡ ተቀብሎታል።

ሻንጣዬን ሲያነሳ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። የኔ ሰዓት እንደ ሀገራችን 7 ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው 13 ይላል። የእሱ 10። ባትሪው ያለቀበት መስሎኝ ነገርኩት።

«ዙሉ ነው ጋሼ» አለኝ። የአቪዬሽን ሰው በመላው ዓለም በአንድ ሰዓት ይሠራል፤ በግሪንዊቹ። «እየው፣ ካንተ 3 ይቀድማል፣ ከእነሱ 3 ይዘገያል። ልክ መሀላችሁ ላይ ነው።»

እውነት ነው። 7፣ 10፣ 13። ስንት ዓመት ሰዓት ስቆጥር ኖሬ ይህን አላስተዋልኩትም ነበር። ልጁ ላለፉት አምስት ዓመታት የሚኖረው በሀበሻና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ባለ፣ ማንም ምሳ በማይበላበት ሰዓት ነው።

*

ቢሮው ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ስክሪን፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የሚያንጎራጉር ማቀዝቀዣ። ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው መብራት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር የሚመጣ ነው፤ ይህን ሲነግረኝ ባለቤት ባለቤት አለኝ። የቀጠረው አነስ ያለ ድርጅት ነው፤ ጥቂት የጭነት አውሮፕላኖች ቀይ ባሕርንና የሶማሌን ምድር እያቆራረጡ ይመላለሱለታል።

ያን ቀን ከሰዓት አንድ አውሮፕላን ወደ ሐርጌሳ ይነሳል። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን ሲያዘጋጅ ጎኑ ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ የአየሩን ሁኔታ አወጣ፤ የጅቡቲን፣ የሐርጌሳን፣ የበርበራን። ቀጥሎ ኖታም የሚሉትን፣ የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ የትኛው ሰማይ እንደተዘጋ የሚነግር ማስታወቂያ። ከዚያ ነዳጅ። ሐርጌሳ የሚያደርሰውን ቆጠረ፤ ላልታሰበ ነገር ከዚያው ላይ 5 በመቶ ጨመረ፤ ሐርጌሳ ቢዘጋ በርበራ የሚያደርሰውን ጨመረ፤ በርበራም ሰማይ ላይ 30 ደቂቃ መዞር ቢያስፈልግ የሚበቃውን ጨመረ። በርበራን የመረጠው ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠሩት ከ4 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ማኮብኮቢያ ስላለው ነው። አሜሪካኖቹ በተራቸው ለጠፈር መንኮራኩራቸው የድንገተኛ ማረፊያ አድርገው ይዘውት ነበር። «እዚያ ያላረፈ የትም አያርፍም» አለ።

ስልኩ ጮኸ። የጭነቱ ባለቤት ነው፤ 600 ኪሎ ጨምርልኝ ይላል። ልጁ በሶማልኛ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይኛ፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ ሲቆርጥ በአማርኛ «አይሆንም!» አለው። ስልኩን ዘግቶ ወደኔ ዞረ። «አየር ሲሞቅ ይሳሳል ጋሼ። ክንፉ የሚይዘው ነገር ያጣል። ዛሬ 42 ዲግሪ ነው። ካርታው ጅቡቲ ባሕር ዳር ናት ይላል፤ አውሮፕላኑ ግን 1000 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለች ነው የሚቆጥራት።»

ይህ ነገር እኛን አዲስ አበቤዎቹን ይበልጥ ይመለከተናል። ቦሌ ከከፍታው የተነሳ አየሩ ሁልጊዜ ስስ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚሞላው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል፤ ከዋሽንግተን ሜዳ ግን ሁለቱንም ይዞ ይነሳል። ስንት ዘመዴን ለዚያ በረራ ሸኝቻለሁ። ደብሊንና ሎሜ ለምን እንደሚቆሙ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም፤ «ነዳጅ ይቀዳል» ብለን ዝም።

ወረቀቱ ተፈረመ። ካፒቴኑ ፈረመ፤ ልጁም ፈረመ። በዚህ ሁለተኛ ፊርማ ይኮራል። በአሜሪካኖቹ ሥርዓት አውሮፕላን ያለ ዲስፓቸር ፈቃድ አይነሳም፤ ለበረራው ደኅንነት ካፒቴኑና ዲስፓቸሩ እኩል ተጠያቂ ናቸው። ሥርዓቱ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1938ቱ የሲቪል አቪዬሽን ሕጋቸው ጋር ነው። የኛ አየር መንገድ የተቋቋመውም በ1938 ነው፤ በኛው አቆጣጠር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን። ቁጥሩ ቢገጥምም ዘመኑ አይገጥምም። ያም ሆኖ አየር መንገዱ በአሜሪካኖቹ በቲደብሊውኤ እጅ ያደገ ስለሆነ ይህ የሁለት ፊርማ ነገር ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም።

መከራው የጀመረው ልጁ ይህን ፊርማ ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለከት ነው።

*

ማታ ከቢሮ ወጥተን በእግር ወደ ከተማው መሀል ወረድን። ጅቡቲ በቀን ተኝታ በማታ የምትነሳ ከተማ ናት። ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጫጭ ቤቶች የከበቡት አደባባይ ላይ ደረስን። ምልክቱ «የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ» ይላል፤ ከፈረንሳይ ነፃ የወጡበት ቀን ነው፣ በነሱ አቆጣጠር። ሰው ሁሉ ግን ዛሬም ምኒልክ አደባባይ ነው የሚለው። ታክሲ ነጂውም፣ ቡና አቅራቢዋም። ትንሽ ራቅ ብሎ በገበያው በኩል የቀድሞው ሬምቦ አደባባይ አለ፤ አሁን ማሕሙድ ሐርቢ ይባላል። አርተር ሬምቦ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ምኒልክ ዘንድ የተጓዘ ሰው ነው። ሻጩም ገዢውም በዚህች ከተማ አደባባይ ነበራቸው፤ አንዱ ስሙን ሲያጣ ሌላው በሰው አፍ ቀርቶለታል።

ስም የሚቀያየርበት ቦታ ላይ ተቀምጠን ልጁ የራሱን የስም ጣጣ አጫወተኝ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዲስፓቸርን ያውቀዋል። ፈቃዱን የሚያገኘው ሰው ቢያንስ 21 ዓመት ይሙላው፣ ይህን ይህን ይወቅ ብሎ ደንግጓል። ኢትዮጵያም በዚያ መሠረት ፈቃድ ትሰጣለች፤ ልጁ ሰማያዊ ማህደር ውስጥ በፕላስቲክ ሸፍኖ ይዞታል። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢያሳ የሚሉት፣ ለአብራሪ የጋራ ፈቃድ አለው። ለመካኒክ አለው። ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አለው። ለዲስፓቸር የለውም። እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱን ሰው ራሱ ቀጥሮ፣ ራሱ አሠልጥኖ ያሠራዋል፤ የመጨረሻው ኃላፊነት የካፒቴኑ ነው። ስለዚህ የልጁ ማህደር እዚያ ሲደርስ ሐሰተኛ ነው አይባልም፤ ይተካልኝ ብሎ የሚያቀርብበት መስኮት ግን የለም። ጀርመን ግን በብሔራዊ ሕጓ «ፍሉግዲንስትበራተር» የምትለው ፈቃድ አላት። ትርጉሙ የበረራ አገልግሎት አማካሪ ማለት ነው። «አማካሪ» አለ ልጁ፣ ቃሉን እየቀመሰ። «ሸኚ ይሻላል።»

እንግሊዞቹ ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቃሉ አለ፣ ሥራው ሌላ ነው። እዚያ ዲስፓቸር ማለት ቢጫ ሰደርያ ለብሶ አውሮፕላኑ ሥር የሚቆም፣ ነዳጁ ገባ፣ ሻንጣው ተጫነ፣ ሰው ተሳፈረ እያለ በሰዓቱ በር የሚያዘጋ ሰው ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ሌላ ሥራ ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ ስሙን የማልጠራው አንድ የአየር ማረፊያ አገልግሎት ድርጅት ጋ አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ሦስት ቀን አጠና። ብራስልስ ያለው ዩሮኮንትሮል ሰማዩ ሲጨናነቅ ለየበረራው የመነሻ ሰዓት እንደሚቆርጥ፣ ከዚያች ሰዓት 5 ደቂቃ መቅደምና 10 ደቂቃ መዘግየት ብቻ እንደሚፈቀድ በቃሉ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት የዘጋውን የአይስላንድ እሳተ ገሞራ ስም፣ ኤያፍያላዮኩልን፣ መስተዋት ፊት ቆሞ ተለማመደ። ስለ አመድ ከጠየቁት ደግሞ የኛን ጎረቤት ናብሮን ሊያነሳባቸው አስቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ፈንድቶ አዲስ አበባ የነበሩትን ሂላሪ ክሊንተንን ጉብኝታቸውን ያሳጠረባቸውን። ስክሪኑ ተከፈተ፣ ጠያቂዋ ፈገግ አለች፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዝናብ ላይ ለብዙ ሰዓት መቆም ትችላለህ?» ሆነ።

ሳቅን። እሱ ከኔ ቀድሞ አቆመ።

ሦስተኛውን ዲስፓቸር ያመጣበት አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ ነው። ለአውሮፓ ሥራ ብሎ ገንዘብ ተቀበለው። ውሉ ሲመጣ ልጁ ሊሠራ የሚገባው ከቤቱ ሆኖ፣ ሌሊት ሌሊት፣ አሜሪካ ላሉ የጭነት መኪና ነጂዎች ጭነት መፈለግ ነበር። በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ዲስፓቸር ነኝ ካልክ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ በየፎቁ ሥልጠናው ይሰጣል። አውሮፓስ? ሲለው ደላላው «ትራኩ የጀርመን ስሪት ነው» ብሎ መለሰለት አሉ። ይህቺ ልጁ ያሳመራት ትመስለኛለች፤ ግን አላስተባበልኩትም።

*

ማመልከቻዎቹን አሳየኝ። ደብሊን፣ ቡዳፔስት፣ ፍራንክፈርት፣ ሉክሰምበርግ፣ የኛ ካርጎ ለዓመታት የተመላለሰባት ሊዬዥ። እያንዳንዱ ከተማ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ሰው የሚቀመጥበት ትልቅ ክፍል አለ፤ ኦፕሬሽን መቆጣጠሪያ ይሉታል። ከተሞቹን ስማቸውን ሳይሆን የማኮብኮቢያቸውን አቅጣጫና የጭጋጋቸውን ወር ነው የሚያውቃቸው። ሉክሰምበርግ ላይ የትኛው ወር ላይ አማራጭ ማረፊያ መያዝ እንደማይዘነጋ ይነግርሃል፤ ከተማዋ ምን እንደምትመስል ግን አንድ ፎቶ አላየም።

ከዚያ ቅጹን ከፈተልኝ። ስም፣ ልምድ፣ የሚያውቀው ሶፍትዌር፤ ሊዶ፣ ጄፕሰን። ሁሉንም ይሞላል። ዘጠነኛው ወይም አሥረኛው ላይ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች። «በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የመኖርና የመሥራት መብት አለዎት?» አዎ ወይም አይደለም። አይደለም ብሎ ይጫናል። ልምዱን ሰው ሳያነበው መልሱ ይመጣል። አንዱ በ4 ደቂቃ እንደመጣ ሰዓቱን አሳየኝ፤ በዙሉ መዝግቦታል።

ይህን አይቼ የመጀመሪያ ስሜቴ ቁጣ ነበር። ሲበርድልኝ ግን ለነሱም አሰብኩላቸው። ሥራው በጥቂት ወራት ትምህርት የሚያዝ ነው። አሜሪካኖቹ ለፈቃዱ የሚጠይቁት ቢያንስ 200 ሰዓት ሥልጠና ነው፤ የአውሮፓ አየር መንገድም ሰው ሲፈልግ ከደጁ ወጣት ወስዶ ያሠለጥናል። ለአብራሪ ወይም ለመካኒክ የሚለፋውን የቪዛ ልፋት ለዲስፓቸር የሚለፋበት ምክንያት የለውም። ብሉ ካርድ የሚሉት የኅብረቱ የሠራተኛ ፈቃድ አለ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ በፊት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለበት የሥራ ውል ነው የሚወደው። ልጁ ዲግሪውን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ነው ወደዚህ የገባው። ደብሊን ላይ ይቀለኛል ብሎ የነበረውን፣ አየርላንድ ጭራሽ ብሉ ካርዱ ውስጥ እንደሌለች ሲያውቅ ነው የተወው።

«ዶሃስ? ዱባይስ?» አልኩት። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ከየትም ሀገር ሰው ይቀጥራሉ፤ ቪዛውንም ቤቱንም እነሱ ናቸው የሚጨርሱት፤ የሀገራችንንም ፈቃድ ያነቡታል።

«እሱማ አማራጭ ማረፊያ ነው።»

«ታዲያ?»

«አማራጭ ይያዛል እንጂ ወደዚያ ታስቦ አይነሳም ጋሼ።»

መልሱ ሙያዊ ነው፤ ግን አልወደድኩለትም። ሐርጌሳ ስትዘጋ በርበራ ማረፍ ነውር ያልሆነበት ሰው ለራሱ ሲሆን ነውር አደረገው። አውሮፓ የሚለው ቃል ሥራ ከሚለው ቃል ቀድሞ ልቡ ውስጥ ገብቷል። ይህንን ነገርኩት። ሻዩን ጠጥቶ ዝም አለኝ።

*

በሦስተኛው ቀን የጨው ሐይቁን ላሳይህ ብሎ መኪና ተዋሰ። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ነው። መንገዱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ወደ ታጁራ የሚወስደው መገንጠያ አካባቢ ሰባት ስምንት ልጆች ተሰልፈው በእግር ሲሄዱ አገኘን። የፊተኛው ቢጫ ጀሪካን በገመድ አንግቷል። የመጨረሻው አንድ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ የተቀደደ ስኒከር። ቆምን፤ ያለንን ውኃ ሰጠናቸው። ሁለቱ አማርኛ ይሰማሉ፤ የወሎ ልጆች ናቸው።

«ወዴት ናችሁ?» አልኩ።

«ሳዑዲ» አለ አንዱ፤ መርካቶ እንደሚል ሰው።

በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፣ ከዚያ በረሃውን በእግር። ስንቱ እንደሚቀር የአክስቴ ልጅም እኔም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በዚሁ ባሕር ዳር ሰጥመዋል፤ የተሳፈሩት አልሆነልንም ብለው ከየመን የሚመለሱ ነበሩ። መሄዱም መመለሱም በዚያው ውኃ ነው።

ልጁ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ ልጆቹን ጠየቃቸው፤ ጥያቄው አሁንም ይገርመኛል። «ነፋሱን አይታችኋል?» አለ። አልገባቸውም። ካምሲን ሊነሳ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ሲመሽ ተነሱ፣ ባሕሩም ይህን ሰሞን ክፉ ነው፣ አላቸው። ቀድሞ የሚሄደው ልጅ በአክብሮት ሰማውና «እሺ ጋሼ» አለ። ከዚያ ጉዟቸውን ቀጠሉ። በመስታወት አየኋቸው፤ አልተቀመጡም።

እስከ ሐይቁ ብዙም አላወራንም። እሱም እነሱም በኛ ሰፈር አነጋገር «ሊወጡ» ነው። አክስቴ ጎረቤት ቡና ላይ ሲወራ የሁለቱም ቃል አንድ ነው፤ እገሌ ወጣ፣ እገሌ ሊወጣ ነው። አንዱ በጀሪካን፣ አንዱ በቅጽ።

*

የመመለሻ ጉዞዬን በባቡር አደረግሁ። እልህ ነበረብኝ፤ የድሮውን ባቡር በልጅነቴ እስከ ድሬዳዋ ሄጄበታለሁ። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ይህ አሁን ያለው በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ቻይናዎቹ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መባቻ መደበኛ ሥራ የጀመረው ነው። ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ብቻውን የቆመ ትልቅ ሕንፃ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ገና በጨለማ አንዲት የደሴ ሴት ቤት ቁርስ በላን። እትዬ ነው የሚላት። ፍርፍር ስታቀርብ በየማለዳው የምትጠይቀውን ጠየቀችው፤ «ዛሬ ስንት ሸኘህ?» አምስት፣ አላት። «እንግዲህ አንድ ቀን አንተም ትሸኛለህ» አለችና ሻይ ጨመረችለት። ቃሏ ምርቃት ይሁን ትዕዛዝ አልለየሁም። በቀን እዚያ ቤት ስገባ ሁሉ የሚወራው ጫቱ ደረሰ አልደረሰም ነው፤ ከሐረርጌ በየቀኑ ይገባል፣ ድሮ በአውሮፕላን፣ ኋላም በመኪና። ልጁ በመላው የአፍሪካ ቀንድ በሰዓቱ የሚደርስ ጭነት እሱ ብቻ ነው ይላል። ሸኚዎቹን ቢያገኛቸው ይቀጠርላቸው ነበር።

ጣቢያው በር ላይ ሸኘኝ። እንደ ሀገራችን ወግ ሸኚ ትንሽ አብሮ ይራመዳል፤ ጥበቃው ግን ትኬት የሌለው አያልፍም አለ። እዚያው ቆመን ተሳሳምን። ለእናቱ የሚላክ ሽቶና ሁለት ሻሽ ሰጠኝ። «የዶሃውን አስብበት» አልኩት። «አስቤበታለሁ» አለ። ሰዓቱን አየና፣ «በጊዜው ከተነሳችሁ አሊ ሳቢህን ፀሐይ ሳይበረታ ታልፋላችሁ» አለኝ።

ተነሳን። ባቡሩ ከባሕሩ ወደ ደጋ መውጣት ጀመረ፤ ሆልሆል፣ አሊ ሳቢህ፣ ድንበሩ። ደወሌን ካለፍን በኋላ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆምን። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ከአዳማ ወዲህ ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ጥግ ይዞ ይጠብቃል። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የባቡሩን ሠራተኛ ጠርተው «ልጄ፣ ምን ሆነን ነው?» አሉት።

«ዲስፓቸሩ አለቀቀንም አባባ። ኮንቴይነር የጫነ ከላይ እየመጣ ነው፣ እሱ ይለፍ ተብለናል።»

ስልኬን አወጣሁ። የኢትዮጵያ ኔትወርክ ይዞልኛል። ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት፤ «ዲስፓቸር አቁሞናል።»

ኮንቴይነሮቹ በመስኮቱ ማለፍ ጀመሩ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ። መልሱ የመጣው የመጨረሻው ፉርጎ ሳያልፍ ነው።

«የትኛው ዓይነት?»